እጃችንን እንሰብስብ፣ ከአጠገባቸው ግን አንራቅ

ልጄ ያኔ 15 ዓመቱ ነበር። የትምህርት ቤቱ እግር ኳስ ቡድን ውስጥ ለመግባት ሦስት ወር ሙሉ ሲለማመድ ከረመ። የተመረጡት ልጆች ስም ዝርዝር ማታ ላይ በስልክ መጣ። እሱ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ዝርዝሩን በአውራ ጣቱ ከላይ እስከ ታች ወረደው። ወደ ላይ ተመለሰ። እንደገና ወረደ። ከዚያ ስልኩን ደፍቶ አስቀመጠና ወደ ክፍሉ ገባ። በሩን በኃይል አልዘጋውም። ቢዘጋው ይሻለኝ ነበር።

እኔ ምን አደረግኩ? ስልኬን አንስቼ ኩሽና ገባሁና አሰልጣኙ ጋ ደወልኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለመንኩት። "ልጁ በጣም ለፍቷል፣ ተጠባባቂም ቢሆን ይያዝልኝ" አልኩት። ሰውየው በትሕትና መለሰልኝ፤ ቡድኑ ሞልቷል አለኝ። ስልኩን ዘጋሁ። የልጄ ክፍል ከኩሽናው ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የሚዋሰነው። እሱን አላሰብኩትም።

ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ "እማ፣ ማታ ደውለሽለታል አይደል?" አለኝ።

ዝም አልኩ።

"እኔ ራሴ ላናግረው ነበር" አለ። "አሁን በየት በኩል ፊቱን አያለሁ?"

ከቡድኑ መቅረቱ ከፍቶታል። የኔ መደወል ግን ከዚያ የባሰ ነገር ነገረው። "እናትህ ይህን ብቻህን ትወጣዋለህ ብላ አታምንም" አለው። እኔ እንዲህ አላልኩም። አስቤውም አላውቅም። እሱ የሰማው ግን ይህንን ነው።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር ብዙ አንብቤያለሁ፣ ብዙ ወላጆችንም አናግሬያለሁ። ሁላችንም ልጆቻችን በራሳቸው እንዲተማመኑ እንፈልጋለን። ግን በራስ መተማመን የሚበቅልበትን አጋጣሚ ራሳችን ከእጃቸው እንነጥቃቸዋለን። የምናደርገው ከፍቅር ነው። ልጃችን ሲከፋው ማየት አንችልም። ስለዚህ ቶሎ እንገባለን፣ ቶሎ እናስተካክላለን። ልጁም እኛ ከሌለን ነገር እንደማይስተካከል ይማራል።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። በራስ መተማመን በንግግር አይሰጥም። ልጁ የከበደውን ነገር ራሱ ሲሠራው፣ ወይም ወድቆ ሲነሳ፣ "ለካ ይቻላል" ብሎ ለራሱ ሲል የሚመጣ ነገር ነው። የወላጅ ሥራ እስከዚያ ድረስ እጅን መሰብሰብ ነው። ግን ከአጠገቡ ሳይርቁ። ከሁለቱ አንዱ ብቻውን አይሠራም። እጁን ሰብስቦ የሚጠፋ ወላጅ ልጁን ጥሎታል። ከአጠገብ ሆኖ ሁሉን የሚሠራለት ደግሞ አቅም ያሳጣዋል።

በንግግር አይሰጥም ስል ያለ ምክንያት አይደለም። በፈረንጆቹ በ1986 (ቀጥሎ የምጠራቸው ዓመታትም እንዲሁ የፈረንጆቹ ናቸው) የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት ሰዎች ለራሳቸው የሚሰጡትን ግምት የሚያሳድግ ግብረ ኃይል አቋቋመች። ሰው ስለራሱ ጥሩ ከተሰማው ትምህርቱም ይሻሻላል፣ ሱሱና ወንጀሉም ይቀንሳል የሚል ተስፋ ነበር። ልጆችን "አንተ ልዩ ነህ" እያሉ ማሳደግ በየቦታው ተለመደ። በ2003 ሮይ ባውማይስተር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እስከዚያ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስቦ መረመረ። ለራስ ያለን ግምት ከፍ ማድረግ ብቻውን ተማሪን ጎበዝ እንደማያደርግ አገኙ። እንዲያውም በከፊል ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ልጁ ይሠራል፣ ይሳካለታል፤ ስለራሱ ያለው ጥሩ ስሜት ከዚያ ይከተላል።

አልበርት ባንዱራ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን ቀደም ብሎ በ1977 ጽፎት ነበር። አንድ ሰው "ይህን እችላለሁ" ብሎ እንዲያምን የሚያደርጉ አራት ነገሮች አሉ አለ። ራሱ ሠርቶ ማየቱ፣ እንደሱ ያለ ሌላ ሰው ሲሠራው ማየቱ፣ ሰው ሲያበረታታው እና በዚያች ሰዓት ሰውነቱ የሚሰማው ነገር። ከአራቱ የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው። እኛ ወላጆች ግን ጊዜያችንን ሁሉ የምናጠፋው ሦስተኛው ላይ ነው። "ትችላለህ፣ ትችያለሽ" እንላለን፤ ከዚያ እኛው እንሠራላቸዋለን።

ከባድ ነገር ሲባል ተራራ መውጣት አይደለም። ሐኪም ቤት ውስጥ የሚሆነውን አስቡት። ሐኪሙ ልጅቷን እያየ "ምንሽን ነው የሚያምሽ?" ይላታል። እናት ቀድማ "ሦስት ቀን ሆኗታል፣ ሆዷን ነው፣ ምግብም አልበላ ብሏታል" ብላ ትመልሳለች። ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው። ሆዱ የሷ ነው። አንድ ደቂቃ ብንታገስ ራሷ ትናገራለች። እየተንተባተበች ይሆናል፣ ግን ትናገራለች። ስትወጣ ደግሞ አንድ ነገር ጨምራ ትወጣለች። የተበላሸ ዕቃ ለሻጩ መመለስ፣ ውጤቱ ልክ አይመስለኝም ብሎ አስተማሪን በአክብሮት መጠየቅ፣ ለቤተሰቡ አንድ ቀን ራት መሥራት፣ ያስቀየሙትን ጓደኛ ይቅርታ መጠየቅ፣ እነዚህ ሁሉ እዚሁ ውስጥ ይገባሉ።

አንድ ዘዴ ረድቶኛል። ልጄ ከባድ ነገር ይዞ ሲመጣ አሁን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። "እንድሰማህ ነው የምትፈልገው፣ እንድመክርህ ነው ወይስ እንዳግዝህ?" መጀመሪያ ሰሞን ትከሻውን ነቀነቀና ሄደ። አሁን ይመልስልኛል። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ "ስሚኝ ብቻ" ነው። እኔ ደግሞ ለካ ከሦስቱ ያንን ብቻ ነው ሳልሰጠው የኖርኩት።

ፍርሃትን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ልጅቷ ክፍል ፊት ቆማ መናገር ትፈራለች እንበል። ቀኑ ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ትላለች። እናዝናለን፣ እናስቀራታለን። ወዲያው ይቀላታል። ችግሩ መቅለሉ ላይ ነው። አእምሮዋ "በመሸሼ ተረፍኩ" ብሎ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ አድጎ ይጠብቃታል። ፍርሃት በሽሽት ነው የሚደልበው። ይህ ማለት ገፍትሮ ማስገባት አይደለም። ደረጃ ማበጀት ነው። ዛሬ ለኔ ብቻ ታቅርበው። ነገ ለሁለት ጓደኞቿ። ከዚያ ክፍሏ ተማሪዎች ፊት ከንግግሯ አጭሯን ቁራጭ ብቻ። እየፈራች መሥራት እንደሚቻል የምታውቀው ሠርታው ስትወጣ ነው።

ስለ ምስጋና አንድ ነገር ልበል፤ በኛ ቋንቋ ነገሩ ልዩ መልክ አለው። "ጎበዝ" የምትለዋ ቃል የማትሠራው ሥራ የለም። ተማሪው ጎበዝ ነው። ደፋሩ ጎበዝ ነው። የበላ ሕፃንም ጎበዝ ነው። ልጃችን ምንም ይዞ ቢመጣ "ጎበዝ" እንላለን። ቃሉ ስለ ልጁ ማንነት ይናገራል እንጂ ስላደረገው ነገር አንድም አይናገርም። ልጁም "ጎበዝ ካልሆንኩ ማን ነኝ?" የሚል ሸክም ይዞ ያድጋል። በ1998 ክላውዲያ ሙለር እና ካሮል ድዌክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን እንቆቅልሽ አሠርተው አንዱን ቡድን "ብልህ ነህ" ሌላውን ቡድን "በደንብ ለፍተሃል" አሏቸው። ቀጥሎ ከበድ ያለ ጥያቄ ሰጧቸው። ሁሉም አቃታቸው። ከዚያ በኋላ ብልህ የተባሉት ልጆች ሥራው አስጠላቸው፣ የቀለለው ጥያቄ ሲመለስላቸውም ውጤታቸው ወረደ። ያገኙትን ውጤት ለማያውቁት ልጅ እንዲጽፉ ሲጠየቁ አጋነው የጻፉትም በነሱ በኩል በዙ። ለፍታችኋል የተባሉት ግን መሞከራቸውን ቀጠሉ።

ይህ ማለት "ለፍተሃል" የሚለውን ደግሞ እንደ ማኅተም እንምታበት ማለት አይደለም። ጎረምሳ የውሸት ምስጋናን ከሩቅ ያሸታል። ሳይለፋ ለፍተሃል ብትለው ሁለተኛ አያምንህም። የሚሠራው ያየነውን መናገር ነው። "ድርሰትህን ሦስት ጊዜ ስትሰርዝ አይቼሃለሁ። መግቢያው አሁን ተስተካክሏል።" ወይም መጠየቅ ነው። "እንዴት አድርገሽ ነው የፈታሽው? አሳዪኝ።" አሳዪኝ የሚለው ቃል ከመቶ ጎበዝ ይበልጣል። ልጅቷ አስተማሪ ትሆናለች፣ እኛ ተማሪ።

አሁን ወደ ስሜት ልምጣ። በዚህ ዕድሜ ስሜት ለምን እንዲህ እንደሚገነፍል ማወቁ ትዕግሥት ይሰጣል። አስቦ የመወሰን፣ ራስን የመግታት ሥራ የሚሠራው የአእምሮ ፊተኛው ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ነው። የስሜቱ ክፍል ግን ቀደም ብሎ ሙሉ ኃይሉን ይዟል። ዴቪድ ኤልካይንድ የተባለ ተመራማሪ በ1967 ደግሞ ሌላ ነገር ጽፏል። ጎረምሳ ሁልጊዜ ተመልካች ፊት የቆመ ይመስለዋል። ግንባሯ ላይ የወጣችው ብጉር ለኛ ብጉር ናት። ለሷ ግን ትምህርት ቤቱ በሙሉ እሷን እያየ ነው። "ማን ያይልሻል!" ስንላት ልናጽናናት ነው። የምትሰማው ግን "የሚሰማሽ ነገር ውሸት ነው" የሚል ነው። እንቅልፍም አለ። በጉርምስና የእንቅልፍ ሆርሞን ማታ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። ስልኩ ሌሊት ሌላ ክፍል ይደር። በዚህች ላይ አልደራደርም። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ላይ የሚባክን ምክር ብዙ አይቻለሁ።

በልጆቻችን አፍ አንድ ቃል አለ። "ደበረኝ።" ትምህርት ቤት እንዴት ነበር? ደበረኝ። ለምን አትበላም? ደብሮኛል። እኛ እንናደዳለን፤ ስንፍና ይመስለናል። እኔ ግን ይህን ቃል እንደ ተዘጋ ካዝና ነው የማየው። ቋንቋችን ለስሜት ድሃ አይደለም። ከፋኝ አለ። ቅር አለኝ አለ። አፈርኩ፣ ቀናሁ፣ ተናደድኩ፣ ፈራሁ፣ ሆዴ ባባ፣ ብቸኝነት ተሰማኝ፣ ተስፋ ቆረጥኩ አለ። ቅር ያለው ሰው እና የከፋው ሰው አንድ አይደሉም። ያፈረና የቀና አንድ አይደሉም። ሁሉም ግን "ደበረኝ" ውስጥ ታጭቀው ይቀመጣሉ። ልጁ ራሱ የትኛው እንደሆነ አያውቀውም።

ስሙን ማግኘት ይረዳል። በ2007 ማቲው ሊበርማን የተባለ ተመራማሪ እና ባልደረቦቹ የሰዎችን አእምሮ በምርመራ መሣሪያ እያዩ ስሜት የሚታይበት ፊት አሳዩአቸው። ሰዎቹ ስሜቱን በቃል ሲሰይሙት አሚግዳላ የተባለው፣ ለአደጋ የሚነቃው የአእምሮ ክፍል ረገብ አለ። እኔ የምሠራበት በቀላሉ ነው። ልጄ "ደበረኝ" ሲል "ደበረህ እንዴት? የመናደድ ነው ወይስ የመከፋት?" እለዋለሁ። ከተሳሳትኩ ያርመኛል። "አይ፣ አልተናደድኩም። አፍሬ ነው።" ያቺ እርማት ትልቅ ነገር ናት። ካዝናው ተከፈተ ማለት ነው።

"አይዞህ" ስለምንለውም ቃል እንዲሁ። እወደዋለሁ፤ ከቋንቋችን ቃላት ሁሉ ምናልባት ደጉ እሱ ነው። ግን ቶሎ ሲመጣ በር ይዘጋል። ልጁ ገና አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ "አይዞህ፣ ያልፋል" ካልነው፣ ጨርሰናል እንደማለት ነው። መጀመሪያ ሰምተን፣ "ይህማ በጣም ያሳፍራል፣ እኔም ብሆን አፍር ነበር" ብለን፣ ዝም ብለን ትንሽ ተቀምጠን፣ ከዚያ የሚመጣ አይዞህ ሌላ ነው። "ወንድ ልጅ አያለቅስም" የሚለውን ግን ጨርሶ ብንተወው እወዳለሁ። ልጁ ማልቀሱን አያቆምም። እኛ ፊት ማልቀሱን ነው የሚያቆመው።

የት ነው የሚያወሩት? ፊት ለፊት አስቀምጠነው "በል ንገረኝ" ስንለው አይደለም። ያ ምርመራ ይመስላል። ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው። ዕቃ እያጠብን፣ መኪና ውስጥ፣ እግር መንገድ ላይ፣ መብራት ጠፍቶ ልንተኛ ስንል። ዓይን ለዓይን መተያየቱ ሲቀር ምላስ ይፈታል። አንዳንዴ ወሬው የሚመጣው እኛ ደክሞን ዓይናችን ሲከደን ነው። ያን ጊዜ ቡና የጠጣን ያህል እንንቃ። ያ ሰዓት ተመልሶ አይገኝም።

ይህን ሁሉ ስል "ታዲያ ልጅ የፈለገውን ያድርግ?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አይደለም። ዳያና ባውምሪንድ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ1960ዎቹ ጀምራ ወላጆችን ስታጠና፣ ልጆቻቸው በራሳቸው ጸንተው የቆሙላቸው ወላጆች ፍቅርም ደንብም የነበራቸው መሆናቸውን አየች። ደንብ ብቻ ያላቸው ልጃቸውን ያስፈሩታል። ፍቅር ብቻ ያላቸው ያለ አጥር ይተዉታል። የቤት መግቢያ ሰዓት ይኑር። ምክንያቱ ይነገር። ከ14 ዓመት ልጅ ጋር ደንቡን አብሮ ማውጣት ይቻላል፤ አብሮ ያወጣውን ደንብ መጣስም ይከብደዋል።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካኝ ጥናት ግን ሌላ ነው። ኤሚ ወርነር የምትባል ተመራማሪ ከሩት ስሚዝ ጋር በሃዋይዋ ካዋይ ደሴት በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርተ ዓመታት ተከታተለች። ከነሱ ሲሶ ያህሉ ድህነት፣ የቤት ጠብ፣ የወላጅ መጠጥ ወይም የአእምሮ ሕመም ባለበት ቤት ያደጉ ናቸው። ይሰበራሉ ተብለው የሚጠበቁ ነበሩ። ከነዚህ ከሦስት አንዱ ግን ሠርቶ የሚኖር፣ ለሰው የሚያስብ፣ የተረጋጋ ሰው ሆኖ አደገ። ከነዚህ ልጆች ጀርባ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር ነበር። ቢያንስ አንድ የማይለወጥ፣ የሚወዳቸው ትልቅ ሰው ነበራቸው። እናት ወይም አባት ላይሆን ይችላል። አያት፣ አክስት፣ አስተማሪ፣ ጎረቤት። ለዚህ ነው ልጄ ለኔ ያልነገረኝን ለአጎቱ ሲነግር የምደሰተው። መጀመሪያ ቅናት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር። አሁን ግን ከአንድ ገመድ ሁለት ይሻላል እላለሁ።

እንሳሳታለን ደግሞ። እኔ ያን ማታ እንደተሳሳትኩት። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ ተመራማሪ እናቶችንና ጨቅላ ሕፃናትን ሲያጠና በጤነኛው ግንኙነት እንኳ የሁለቱ ስሜት አብዛኛውን ጊዜ እንደማይገጣጠም አየ። ሕፃኑን የሚያጸናው እናት አለመሳሳቷ አይደለም፤ ተመልሳ መምጣቷ ነው። ጎረምሳም በዚህ ከሕፃን አይለይም። ስለዚህ ከደወልኩ በሦስተኛው ቀን ልጄ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። "ሳላስፈቅድህ መደወል አልነበረብኝም። ጉዳዩ ያንተ ነበር። ይቅርታ" አልኩት። "ግን እኮ ለአንተ ብዬ ነው" የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ግን የሚል ቃል ያለበት ይቅርታ ይቅርታ አይደለም። እሱ ጣሪያውን እያየ "እሺ" አለ። ያቺን ብቻ። ቆይቶ ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጎ ቦታ ለቀቀልኝ።

አንድ የማላልፈው ነገር አለ። በትዕግሥትና በመስማት ብቻ የማይያዝ ሕመም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና እክል አለበት። ልጁ ከሁለት ሳምንት በላይ ፊቱ ካልፈታ፣ የሚወደውን ነገር ሁሉ ከተወ፣ እንቅልፉና ምግቡ ከተዛባ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ራሱን ከጎዳ ወይም መኖር ስለመሰልቸት ካወራ፣ ይህ ጉርምስና ነው ብላችሁ አትለፉት። በቀጥታ ጠይቁት። "ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብቻውን የተሸከመውን እንዲያወርድ ዕድል ይሰጠዋል። ብቻውን አትተዉት፤ ሊጎዳበት የሚችል ነገር ከአጠገቡ አርቁ። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት። እዚህ ላይ እጅ መሰብሰብ የለም።

ልጄ በሚቀጥለው ዓመትም ቡድኑ ውስጥ አልገባም። ዝርዝሩ በወጣ ማግሥት ግን "አሰልጣኙን ላናግረው ነው፣ ትምህርት ቤት ታደርሽኛለሽ?" አለኝ። አደረስኩት። መኪናው ውስጥ ቀረሁ። ከሩቅ አየዋለሁ፤ ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ከዚያ አውጥቶ፣ ሰውየውን ሲያናግር። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቼ ዚፑን ዘግቼዋለሁ። አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀ።

ተመልሶ ገባ። ቀበቶውን አሰረ። "ምን አለህ?" ልለው አፌ ተከፍቶ ነበር። ሞተሩን አስነሳሁ።

ሁለተኛው መብራት ላይ ስንቆም በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ "ግራ እግርህ ይደክማል አለኝ" አለ። "እውነቱን ነው።"

ከዚያ የሬዲዮኑን ድምፅ ጨመረው።